ስለ ደንዳኔ ከረጢት ሕመምና ስለ ሌሎች አጣዳፊ የሆድ ሕመሞች፤ የካምፓላ ሐኪሞች ያስተዋሉት

የሆድ ሕመም በየቤቱ የሚታወቅ ስለ ሆነ ብዙ ሰው አይፈራውም። የታመመው ሰው ራሱ ወይም ቤተ ዘመዱ «ጨጓራ ነው»፥ አለዚያም «አሜባ ነው» ብሎ ይፈርድና ትኩስ ነገር ወይም የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይሰጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ በራሱ ስለሚለቅ ፍርዱ ትክክል የነበረ ይመስላል። ነገር ግን ከሆድ ሕመሞች ጥቂቶቹ በአንድ ሌሊት ለሞት የሚያደርሱ ናቸው፤ ስለዚህም ከቀላሉ የሚለዩበትን ምልክት ማወቅ ለከተማ ነዋሪም ለአስተዳደር ሠራተኛም እጅግ ያስፈልጋል። ከእነዚህም አንዱ ሐኪሞች ዳይቨርቲኩላይትስ የሚሉት የደንዳኔ ከረጢት መቆጣት ነው። የሚያስደንቀው፥ ስለዚህ ሕመም ዓለም ካወቀው ነገር አንዱ ትልቅ ክፍል የመጣው ሕመሙ ከበዛበት አገር ሳይሆን ከማይገኝበት፥ ከዩጋንዳ ዋና ከተማ ከካምፓላ መሆኑ ነው።

ደንዳኔ ማለት ከትንሹ አንጀት መጨረሻ እስከ ፊንጢጣ የሚደርሰው ትልቁ አንጀት ነው፤ ርዝመቱም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ሥራው ከምግብ የተረፈውን ውሃ መምጠጥና ዓይነ ምድሩን ወደ ውጭ መግፋት ነው። የሚገፋውም በግድግዳው ያሉት ጡንቻዎች ተራ በተራ ሲጨመቁ ነው። በውስጡ ያለው ነገር ጥቂትና ደረቅ በሆነ ጊዜ ጡንቻዎቹ አጥብቀው መጭመቅ ስለሚኖርባቸው በአንጀቱ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይላል። ግድግዳው ደግሞ ደም ሥሮች ሰንጥቀውት በሚያልፉበት ቦታ ስስ ነው። ከብዙ ዓመት ግፊት በኋላ የውስጡ ሽፋን በእነዚሁ ስስ ቦታዎች ወደ ውጭ ተገፍቶ የአተር ፍሬ የሚያህል ከረጢት ይሠራል። የመኪና ጎማ ባረጀና በተበላ ጊዜ ካላማዳሪው በቀዳዳው እብጥ ብሎ እንደሚወጣ ማለት ነው።

ከረጢት ያለው ሰው ሁሉ በሽተኛ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ከ60 ዓመት በላይ ከሆናቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ከረጢት እንዳላቸው ይገመታል፤ አብዛኞቹም ሳያውቁት ዕድሜያቸውን ይፈጽማሉ። ሕመም የሚባለው ከረጢቱ ተቆጥቶ ያበጠ፥ መግል የቋጠረ፥ የተበሳ ወይም የደማ እንደ ሆነ ነው።

የካምፓላ ነገር የሚጀምረው በሙላጎ ኮረብታ ላይ ካለው ሆስፒታል ነው። ከዚህ ወዲያ የተጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳው። እንግሊዛዊው ሐኪም አልበርት ኩክ በ1897 የመንጎን ሆስፒታል፥ በ1913 ደግሞ የሙላጎን ሆስፒታል መሠረተ። በማኬሬሬ ትምህርት ቤት ከ1924 ጀምሮ የአገሩ ተወላጆች ሕክምና ይማሩ ስለ ነበር፥ ሙላጎ መታከሚያ ብቻ ሳይሆን መማሪያና መመራመሪያ ጭምር ሆነ። ዩጋንዳ ነጻ በወጣችበት በ1962 ዓመትም አዲሱና ትልቁ ሕንፃ ተከፈተ።

በዚህ ሆስፒታል ከ1935 ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ የሠራው የውስጥ ደዌ ሐኪም ሂዩ ትራውል አንድ ነገር አስተዋለ። በእንግሊዝ አገር በሐኪም ቤት የተማረውን ብዙ በሽታ በሙላጎ አልጋዎች ላይ አጣው። በአስከሬን ምርመራ ሳይቀር የደንዳኔ ከረጢት እጅግ ብርቅ ሆኖ ተገኘ። ሐኪም የሚያየውን በሽታ መጻፉ የተለመደ ነው፤ የማያየውን መጻፍ ግን ሌላ ዓይነት ትዕግሥት ይጠይቃል። ትራውልም በ1960 ባሳተመው በአፍሪካ ስላሉ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች በሚናገር መጽሐፉ በአፍሪካውያን ዘንድ ብርቅ የሆኑትን ሁሉ መዘገበ።

ሁለተኛው ሰው ዴኒስ ቡርኪት ነው። እርሱ በአየርላንድ በ1911 የተወለደ፥ በልጅነቱ አንድ ዓይኑን ያጣ ቀዳጅ ሐኪም ነበር። በ1946 ወደ ዩጋንዳ መጥቶ በመጀመሪያ በላንጎ አውራጃ በሊራ ከተማ፥ ከ1948 ጀምሮ ግን በካምፓላ ሠራ። ስሙን ዓለም ያወቀው የሕፃናትን መንጋጋ የሚያሳብጥ ነቀርሳ በ1958 ስለ ገለጠ ነው። ይህ ነቀርሳ በየት አገር እንደሚገኝና በየት እንደማይገኝ ለማወቅ በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋራ በአንድ አሮጌ መኪና 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። በሽታን በካርታ ላይ ማስቀመጥን የተማረው በዚህ ጊዜ ነው። ወደ እንግሊዝ አገር ከተመለሰ በኋላም የባሕር ኀይል ሐኪም የነበረው ክሊቭ የተፈተገ ዱቄትና ስኳር የብዙ በሽታ ምክንያት ነው ብሎ የጻፈውን ባነበበ ጊዜ፥ በካምፓላ ያየው ሁሉ ትዝ አለው። በአፍሪካ ወዳሉት ብዙ የሚሲዮን ሆስፒታሎችም እየጻፈ፥ የትኛው በሽታ ስንት ጊዜ እንደሚታይ ይጠይቅ ጀመር።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነው ለአንዳንዱ አንባቢ የሚያስቅ ይመስል ይሆናል፤ ለሐኪሞቹ ግን ቁም ነገር ነበር። ቡርኪትና ጓደኞቹ ጤነኛ ሰዎች በራጅ የሚታዩ ትንንሽ ፍሬዎችን እንዲውጡ እያደረጉ፥ ፍሬዎቹ ስንት ሰዓት ቆይተው እንደሚወጡ ቈጠሩ፤ ዓይነ ምድሩንም በሚዛን መዘኑ። በ1972 እንዳወጡት ጽሑፍ፥ የዩጋንዳ የገጠር ሰዎች በቀን በአማካይ 470 ግራም ሲያወጡ የእንግሊዝ መርከበኞችና ሚስቶቻቸው ያወጡት 104 ግራም ብቻ ነበር። የተበላው ነገር በዩጋንዳውያኑ ሆድ 36 ሰዓት ያህል ሲቆይ በእንግሊዞቹ ሆድ 83 ሰዓት ቆየ። ዩጋንዳውያኑ የሚበሉት ማቶኬ የሚባለውን የበሰለ ሙዝ፥ ባቄላና ሌላ ጥራጥሬ፥ ስኳር ድንች፥ ዳጉሳና ማሽላ ነበር፤ እንግሊዞቹ ግን ገለፈቱ የተነሣለትን ነጭ ዳቦና ስኳር ነበር።

ቡርኪት ከለንደኑ ቀዳጅ ሐኪም ከኒል ፔይንተር ጋራ በ1971 ባወጣው ጽሑፍ፥ የደንዳኔ ከረጢት ከምግብ ጉድለት የሚመጣ ነው ሲል ተናገረ፤ ጐደለ የተባለውም የእህል ገለፈትና አሰር ነው። ይህም የሕክምናውን ሥርዓት ገለበጠው። ከዚያ በፊት ለሃምሳ ዓመት ያህል ሐኪሞች ከረጢት ያለበትን ሰው አሰር ያለው ምግብ እንዳይበላ ይከለክሉት ነበር። ፔይንተር ግን በ1972 ለ70 ሕሙማን የስንዴ ፉሩሽካ እየሰጠ ካከማቸው በኋላ አብዛኞቹ ሕመማቸው እንደ ቀለለላቸው አስታወቀ። እስከዚያ ድረስ ባብዛኛው ለከብት ይጣል የነበረው ፉሩሽካ በእንግሊዝ አገር ገበታ ላይ በብዛት መቅረብ ጀመረ።

ይሁን እንጂ የካምፓላው ትምህርት ሳይመረመር የሚቀበሉት አይደለም። በእንግሊዝና በስኮትላንድ በ47,033 ሰዎች ላይ የተደረገውና በ2011 የወጣው ጥናት፥ ሥጋ የማይበሉና ብዙ አሰር የሚመገቡ ሰዎች በዚህ ሕመም ሆስፒታል የሚገቡት ከሌላው ሰው ባነሰ ቍጥር መሆኑን አሳይቷል፤ ይህ ቡርኪትን ይደግፋል። በሚከተለው ዓመት ግን በአሜሪካ በ2,104 ሰዎች ላይ የተደረገ ምርመራ፥ ብዙ አሰር የሚበሉት ሰዎች ከረጢት ከማውጣት እንዳልዳኑ ገለጠ። ደግሞም የእስያ ሰዎች ከረጢት የሚያወጡት ባብዛኛው በቀኝ በኩል ነው፤ የአውሮፓውያን ግን በግራ ነው። እንግዲህ ከምግብ ሌላ ዕድሜ፥ ዘር፥ ውፍረት፥ ትምባሆና እንቅስቃሴ ማጣት ድርሻ አላቸው ማለት ነው። ለውዝና በቆሎ ከረጢቱ ውስጥ ገብተው ያስቆጡታል እየተባለ ሰው ሁሉ ይከለከል የነበረውም በ2008 በአሜሪካ በወጣ ሰፊ ጥናት መሠረት የሌለው ሆኖ ተገኝቷል።

ለመሆኑ የካምፓላ ሰው የደንዳኔ ከረጢት ባይኖረው ደንዳኔው ደኅና ነበርን? አልነበረም። የሙላጎ ቀዳጅ ሐኪሞች ሌሊት ከእንቅልፋቸው የሚጠሩበት ሌላ የደንዳኔ ሕመም ነበረ፤ ይኸውም የደንዳኔ መጠምዘዝ ነው። ከፊንጢጣ በላይ በግራ በኩል ያለው የደንዳኔ ጥምዝ ክፍል ረዥምና ልቅ የሆነ እንደ ሆነ፥ ብዙ ነገር ተሸክሞ ሳለ በሥሩ ላይ ይዞራል። በዚያን ጊዜ ሁለቱም አፎቹ ይታነቃሉ፤ አየሩ መውጫ ያጣል፤ ሆድ እንደ ከበሮ ይነፋል፤ የደም መተላለፊያው ተጠምዝዞ ከቆየም አንጀቱ ይሞታል። በካምፓላ ይሠራ የነበረው ቀዳጅ ሐኪም ሼፐርድ በ1968 የ425 ሕሙማንን ታሪክ መርምሮ አቅርቧል። ከዚያም በፊት በ1967 ትንሹ አንጀትና ደንዳኔው እርስ በርሳቸው እንደ ገመድ የተቋጠሩባቸውን 92 ሕሙማን ጽፎ ነበር። ይህ ቍጥር በአውሮፓ ያለ ሐኪም በዕድሜ ልኩ የማያየው ነው። ሼፐርድ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እጅግ ብዙ ምግብ ከብዙ መጠጥ ጋራ መውሰድ ለዚህ መቋጠር ሳይረዳ አይቀርም ብሎ ገምቶ ነበር።

ከዚህ እንደሚታየው አንጀትን ከከረጢት የሚጠብቀው የበዛ አሰር ራሱ፥ ደንዳኔው ረዥም ለሆነ ሰው ሸክም ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያም ነገሩ እንደዚሁ ነው። በጎንደርና በአዲስ አበባ ከተጻፉት የሐኪም መዛግብት እንደሚታወቀው፥ የደንዳኔ መጠምዘዝ የአንጀት መዘጋትን ከሚያመጡት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ይልቁንም በጐልማሳና በሽማግሌ ወንዶች ላይ ይበዛል። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ በለንደን ስለ ተጻፈ ብቻ የሆድ ሕመም ሁሉ በለንደን ሚዛን አይመዘንም። ሐኪሙ ሕመምተኛውን የት ነው የምትኖረው፥ ምንስ ትበላለህ ብሎ መጠየቁ ከወሬ የሚቈጠር አይደለም።

አሁን ሕመሞቹ እንዴት እንደሚለዩ እንመልከት። የከረጢት መቆጣት ብዙውን ጊዜ ከግራ በኩል ከእምብርት በታች በሚሰማ ሕመም ይጀምራል፤ ሕመሙም ቀን በቀን እየጸና ይሄዳል እንጂ ወዲያው አይለቅም። ትኵሳት፥ የምግብ ጥላቻ፥ የሆድ ድርቀት ወይም ተቅማጥ ይጨመርበታል። የትርፍ አንጀት ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ በእምብርት ዙሪያ ጀምሮ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ይወርዳል፤ ሰውየው ሲራመድ ወይም ሲያስል ይብስበታል። የደንዳኔ መጠምዘዝ ምልክቱ የሆድ መነፋት፥ የፈስና የዓይነ ምድር ፈጽሞ መቅረት፥ እየመጣ የሚሄድ ቁርጠት ነው። የአንጀት ተስቦ የያዘው ሰው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ሆዱን ድንገት ቢወጋውና ሆዱ እንደ እንጨት ቢደርቅ፥ አንጀቱ ተበስቶ ይሆናል ተብሎ ይፈራል። በወሊድ ዕድሜ ያለች ሴት ወር አበባዋ ዘግይቶ ታችኛው ሆዷን ድንገት ቢያማትና ራሷን ቢያዞራት፥ ከማሕፀን ውጭ የተፀነሰ ፅንስ ፈንድቶ ደም በውስጧ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የማይሰጥ ነው።

ሐኪሙ በመጀመሪያ በጥያቄ፥ ቀጥሎም በእጁ ሆድን በመዳሰስ ይመረምራል። ከዚያ ሙቀት፥ የደም ግፊትና የልብ ትርታ ይለካል፤ የደም ነጭ ሕዋሳት በዝተው እንደ ሆነ ያያል፤ ለሴቶች የእርግዝና ምርመራ ያዛል። የደንዳኔ መጠምዘዝ በተራ ራጅ ይታያል፤ አየር የሞላው ደንዳኔ እንደ ታጠፈ ካላማዳሪ ሆኖ ሆዱን ይሞላዋል። የከረጢት መቆጣት ግን በራጅ አይታወቅም። አልትራሳውንድ በሠለጠነ እጅ ብዙ ነገር ያሳያል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተማምነው ሲቲ ስካን ነው፤ እርሱ መግሉ የት እንደ ቋጠረና አንጀቱ ተበስቶ እንደ ሆነ ይለያል። ካሜራ ያለበትን ቱቦ በፊንጢጣ አስገብቶ ማየት በመቆጣቱ ወራት አይገባም፤ የሳሳውን አንጀት ሊበሳው ይችላልና። ሰውየው ከዳነ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ግን፥ ቀድሞ ያልታየ እንደ ሆነ፥ ነቀርሳ አለመኖሩን ለማረጋገጥ ይታያል።

የከረጢት መቆጣት ሕክምናው እንደ ደረጃው ነው። ቀላል በሆነ ጊዜ ዕረፍት፥ ፈሳሽ ምግብና እንደ ፓራሲታሞል ያለ ማስታገሻ ይበቃል፤ አይቡፕሮፌንና እርሱን የመሰሉት የመበሳትን አደጋ ስለሚጨምሩ አይመከሩም። ቀድሞ ለሁሉ ሰው አንቲባዮቲክ ይሰጥ ነበር። በስዊድንና በአይስላንድ በ623 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2012 የወጣው ጥናት ግን፥ ሕመሙ ቀላል ለሆነበትና ሰውነቱ ለጸና ሰው መድኃኒቱ መዳንን እንደማያፋጥን አሳይቷል፤ የኔዘርላንድ ሐኪሞችም በ2017 ይህንኑ አጸኑ። የስኳር በሽታ ወይም ኤች አይ ቪ ያለበት፥ እርጉዝ የሆነች ወይም ሰውነቱ የተዳከመ ሰው ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ ለእርሱ ሐኪሙ ለብቻው ይወስናል። መግል የቋጠረ እንደ ሆነና ቋቱ ትልቅ ከሆነ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን እየተመራ በመርፌ ይቀዳል። ዓይነ ምድር በሆድ ዕቃ ውስጥ የፈሰሰ እንደ ሆነ ግን ከኦፐራሲዮን ሌላ መዳኛ የለውም። የፈረንሳይ ቀዳጅ ሐኪም ሃርትማን በ1921 ባስታወቀው ሥርዓት የተበላሸው ክፍል ተቆርጦ ይወጣና የላይኛው የአንጀት አፍ በሆድ ቆዳ ላይ ይከፈታል፤ ሰውየውም በከረጢት ይጠቀማል። ከወራት በኋላ አንጀቱ መልሶ ሊቀጠል ይችላል። ብዙ ሕመምተኞች ይህን እንደ ውርደት ቈጥረው ኦፐራሲዮኑን እምቢ ይላሉ፤ ቤተ ዘመድ አስቀድሞ ቢያውቀው ይህ እምቢታ በቀነሰ ነበር።

ለተጠመዘዘ ደንዳኔ፥ አንጀቱ ገና ሕያው ከሆነ፥ ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል መመልከቻ አስገብቶ ለስላሳ ቱቦ ወደ ላይ ያሳልፋል። የታነቀው አየርና ፈሳሽ በኀይል ይወጣል፤ ሆዱም ወዲያው ይሟሽሻል። የኖርዌዩ ብሩስጎርድ ይህን ዘዴ በ1947 ካስታወቀ ወዲህ ብዙዎች ከአስቸኳይ ኦፐራሲዮን ድነውበታል። ነገር ግን ሆዱ የጐደለለት ሰው ድኛለሁ ብሎ ወደ ቤቱ መሄዱ ስሕተት ነው፤ ከእንዲህ ያሉት ብዙዎቹ ተመልሶ ይጠመዘዝባቸዋልና፥ ሰውነቱ ከጸና በኋላ ረዥሙ ክፍል በታቀደ ኦፐራሲዮን እንዲወጣ ይመከራል። ትኵሳት ካለ፥ ደም ከወረደ ወይም ሆዱ ከደረቀ ቱቦው አይሞከርም፤ በቀጥታ ይቀደዳል።

ስለ ካምፓላ አመጋገብ ዛሬ ሲነገር፥ በከተማው መንገድ ዳር ከነጭ ዱቄት በተጋገረ ቻፓቲ እንቍላል ተጠቅልሎ ሮሌክስ እየተባለ ይሸጣል፤ ሩዝና የተጠበሰ ድንችም የማቶኬን ቦታ እየተካፈሉ ነው። ከናይጄሪያና ከጋና የወጡ ጽሑፎች ቀድሞ በአፍሪካውያን ዘንድ የለም ይባል የነበረው የደንዳኔ ከረጢት በከተማ ሰዎች ላይ መታየቱን ይመሰክራሉ። የጤፍ እንጀራ እህሉ ከነገለፈቱ ስለሚፈጭ ገና ጥሩ ጠባቂ ነው፤ ከሩዝ ወይም ከነጭ የስንዴ ዱቄት ጋራ የተቀላቀለው ግን እንደ ቅልቅሉ መጠን ይጐድላል። አሰርን የሚጨምር ሰው ቀስ በቀስ ይጨምር፤ ውሃም አብሮ ይጠጣ፤ አለዚያ ሆዱ ይነፋበታል።

ወደ ሐኪም ከመድረሱ በፊት በቤት የሚደረገው ስሕተት ከበሽታው የከፋ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከስድስት ሰዓት በላይ ያልተወ፥ ትኵሳት ወይም ማስታወክ ያለበት፥ ሆድን ያደረቀ ወይም የነፋ ሕመም ሲሆን፥ ኮሶም ሆነ ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት፥ በፊንጢጣ የሚገባ ማጠቢያም አይሰጥ፤ የታነቀ ወይም የቆሰለ አንጀት ሲገፋ ይበሳልና። ወጌሻ ሆዱን አይሸው። ኦፐራሲዮን ያስፈልገው ይሆናልና ምግብም አይብላ። በአካባቢው ያለ የአስተዳደር ሠራተኛ መኪና በማፈላለግና ቀድሞ ወደ ሆስፒታሉ ስልክ በመደወል ብዙ ሰዓት ሊያተርፍ ይችላል። ከሕመምተኛው ጋራ በሚላከው ወረቀት ላይም ሕመሙ የጀመረበት ሰዓትና ቦታ፥ ለመጨረሻ ጊዜ ፈስና ዓይነ ምድር የወጣበት ሰዓት፥ የበላውና የጠጣው፥ የወሰደው መድኃኒት ሁሉ፥ ሴትም ከሆነች የመጨረሻው ወር አበባዋ ቀን ይጻፍ። ከኮሶ በኋላ የመጣ ሕመም ከሆነ ይህ ሳይደበቅ ይነገር፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው ሊቈጣ ሳይሆን ሆዱን ሊለይ ነው።